የፋይናልን ሌሊት አትጠብቁ!

ወንድሜ፣ እህቴ! እኔ ራሴ ዲግሪ ይዤ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝና "ተማሩ፣ ሁሉ ይሞላል" ብዬ አልሸነግላችሁም። ግን እወቁት፦ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመውጫ ፈተና 50 ከመቶ ሳያመጡ ዲግሪ የለም። ፈተናው ደግሞ ሁለተኛ ዓመት ላይ ቸክላችሁ በማግስቱ የረሳችሁትን ኮርስም ይጠይቃል። እኔ በሲኒየር ወርክሺት እያለፍኩ መጥቼ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ከዜሮ ጀመርኩ።

እናንተ ግን ሌክቸር በተማራችሁበት ማታ ሀንድአውቱን ዘግታችሁ የገባችሁን በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ለዶርም ልጅ አስረዱት፤ የተንተባተባችሁበት ቦታ ያልገባችሁ ነው። በሳምንቱ ድገሙት። ደብተሩን አትጣሉ።

ቤተሰብ በሬ ሸጦ የላከን ለወረቀት ብቻ አይደለም፤ ወገንም የሚፈልገው የሚያውቅ ወጣት ነው። ሼር አድርጉት!