ስለ ዐይነ ሥውራን ተማሪዎች ንባብ፤ ለትምህርት ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር የትምህርት ሚኒስትር፤
አዲስ አበባ።

ክቡር ሆይ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በመሥሪያ ቤትዎ ላይ ክስ ለመመሥረት አስቤ አይደለም፤ በተማሪነቴ ዘመን በእኔ በራሴ የተፈጸመውንና እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ ያልተፋቀውን አንድ ጉድለት መነሻ አድርጌ፣ በየዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለሚማሩት አካል ጉዳተኞች፣ ይልቁንም ስለ ዐይነ ሥውራን ተማሪዎች ንባብ፣ ሥልጣኑ በእጅዎ ላለው ለእርስዎ አቤት ለማለት ነው።

ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ መኝታ ክፍል አብሮኝ የኖረ ዐይነ ሥውር ጓደኛ ነበረኝ። መምህራኑ የሚናገሩትን በካሴት ይቀዳል፤ ለቴፑ የሚሆነውን የባትሪ ድንጋይ ለሻይና ለሳሙና ካሰባት ገንዘብ ቀንሶ ይገዛል፤ ማታም ካሴቱን መልሶ እያዳመጠ፣ ስሌትና ስታይለስ በተባሉት የብሬል መጻፊያ መሣሪያዎች ወፍራሙን ወረቀት ከቀኝ ወደ ግራ ነጥብ በነጥብ ሲወጋ ያመሽና፣ ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነባል። ነገር ግን መምህሩ በቃል ያልተናገረው፣ ፈተናው ግን የሚወጣበት፣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሃንድአውት በታደለ ጊዜ ያ ሁሉ ትጋት ከመንገድ ይቀርና፣ ጓደኛዬ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ከአልጋ ወደ አልጋ እየሄደ የሚያነብለት ሰው ይለምን ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የማነብለት እኔ ነበርሁ።

በአንድ የፈተና ዋዜማ፣ ለእኔም በማግሥቱ ፈተና ነበረብኝና፣ አርባ ገጽ ከሚያህለው የታሪክ ሃንድአውት መጀመሪያውንና መጨረሻውን አንብቤ፣ መካከሉን በድካም ዘልዬ፣ «ይኸው ነው፤ አለቀ» አልሁት። የፈተናው ትልቁ ጥያቄ ከዘለልሁት ክፍል መጣ። እውነቱን በነገርሁት ጊዜ እጄን ይዞ፣ «አይዞህ፣ አንተም ፈተና ነበረብህ» አለኝ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አእምሮው ምሉዕ፣ ትጋቱም ከእኔ የበለጠ የነበረው ያ ሰው፣ እኔ ብተኛ፣ ብታመም ወይም ብቀየመው ከመጽሐፉ የሚለይ መሆኑን፣ ትምህርቱ በእኔ እንቅልፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር እንደ ነበረ የተረዳሁት ያን ዕለት ነው።

ይህ ሁሉ የዐይን ብርሃን ከማጣት የመጣ ነው፣ የማንም በደል አይደለም የሚል ቢኖር፣ ወደ ቀደመው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤታችን መለስ ብሎ እንዲመለከት እለምነዋለሁ። በዜማ ቤት መምህሩ ያዜማል፣ ደቀ መዝሙሩ ከአፉ ተቀብሎ ያዜማል፤ በቅኔ ቤትም ቅኔው በልብ ተቆጥሮ ለመምህሩ በቃል ይነገራል፤ ስለዚህ ዐይነ ሥውሩ ደቀ መዝሙር በጉባኤው መካከል በተቀመጠ ጊዜ ዐይናማው ካገኘው የሚጎድልበት እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከዐይነ ሥውራኑም መካከል ኋላ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ፣ የኔታ ተብለው የተከበሩ ብዙዎች ናቸው። ለዚህ ያበቃቸው የጉባኤው ርኅራኄ ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ትምህርቱ ለሁሉም በጆሮ የሚገባ ስለ ሆነ ነው። ዕውቀት ከቃል ወደ ወረቀት በተሻገረ ጊዜ የተለወጠው የትምህርቱ መንገድ ነው፤ ዐይነ ሥውሩማ ያው እንደ ቀድሞው ነው። መንገዱን የለወጠው ትምህርት ቤቱ ስለ ሆነ፣ ማለፊያውን የማበጀት ዕዳም የትምህርት ቤቱ ነው እላለሁ።

ዐይነ ሥውርን በትምህርት ማገዝ አዲስ ነገር አለመሆኑን ለማሳየት፣ የእስክንድርያውን ዲዲሞስን ላንሣ። በ4ኛው መቶ ዓመት፣ ገና በሕፃንነቱ ዐይነ ሥውር የሆነውን ይህን ሊቅ በእስክንድርያ የትምህርት ጉባኤ ላይ መምህር አድርጎ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንንም ጵጵስና ሾሞ ወደ አክሱም የላከልን ይኸው አትናቴዎስ ነው። ከሣቴ ብርሃንን የሾመችልን እጅ ዐይነ ሥውሩንም በመምህርነት ወንበር ያስቀመጠች መሆኗን ሳስብ፣ አካል ጉዳተኛን በከፍተኛ ትምህርት ማገዝ ከባዕድ የመጣ አዲስ ፈሊጥ ነው የሚለውን ንግግር መቀበል ያቅተኛል። በእኛም ዘመን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያጠናችው ዐይነ ሥውሯ የትነበርሽ ንጉሤ በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ለመቀበል በቅታለች፤ ነገር ግን የእርሷ ብርታት ሌላው ተማሪ ያለ መጽሐፍ እንዲቀመጥ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

እዚህ ላይ ስለ ብሬል ጥቂት ልበል። ሉዊስ ብሬል የፈለሰፋቸው 6 ነጥቦች ቢቀያየሩ ከ63 የበለጠ ቅርጽ አይሰጡም፤ የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በ7ቱ ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ከዚህ የተነሣ በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ስለሚጻፉ፣ በቀለም አንድ ሆኖ የሚታየው ፊደል ብዙውን ጊዜ ሁለት ምልክት ይፈጃል፤ ወረቀቱም ወፍራም ነውና፣ በእጅ የሚያዝ አንድ መጽሐፍ በብሬል ሲጻፍ የሸክም ያህል ይሆናል። ስለዚህ መጻሕፍቱ ሁሉ በብሬል ይታተሙ ብዬ አልለምንም። ዛሬ በኮምፒውተርና በስልክ ላይ የሚገኘው የስክሪን አንባቢ የተጻፈውን ቃል በድምፅ ያሰማል፤ ይሁን እንጂ በስካነር ወይም በስልክ ካሜራ የተነሣ ገጽ ለእርሱ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለምና፣ በዚያ ፊት ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። የሚያሳዝነውም፣ ዛሬ የሚታደለው ሃንድአውት አስቀድሞ በመምህሩ ኮምፒውተር ውስጥ የሚነበብ ጽሑፍ የነበረ መሆኑ ነው፤ ታትሞ፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ እንደ ገና በስልክ ተነሥቶ ለዐይነ ሥውሩ በሚደርስበት ጊዜ፣ በየደረጃው ቃሉን አጥቶ ሥዕል ብቻ ሆኖ ይደርሳል።

ሕጉስ ምን ይላል ቢሉ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲደረግ ያዝዛል፤ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውንም ዓለም አቀፍ ስምምነት አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 የተተካው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 በአንቀጽ 40 ተቋማቱ የመማሪያ ቦታቸውን፣ ፈተናቸውንና መርጃ መሣሪያቸውን ለእነዚህ ተማሪዎች እንዲያመቻቹ ይናገር ነበር፤ ግን ነገሩን ከሀብትና ከሁኔታ ጋር አያይዞት ነበርና፣ ሀብት በጎደለ ቁጥር አስቀድሞ የሚታጠፈው ይህ ግዴታ ይሆን ነበር ብዬ እፈራለሁ። የቅጂ መብት ይከለክለናል የሚል ካለም፣ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የማራኬሽ ውል የተዘጋጀው ማንበብ ለተሳናቸው ሰዎች መጽሐፍን በሚመቻቸው መልክ መገልበጥ እንዲፈቀድ ነው።

አካል ጉዳተኛውን ስለሚያግደው የሕንፃ ደረጃ፣ ክዳን ስለሌለው ቦይ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በሌለበት ክፍል የመምህሩን ከንፈር እያየ ስለሚውለው መስማት የተሳነው ተማሪም ብዙ መናገር ይቻላል፤ እኔ ግን በሠራሁት ጉድለት ላይ ልቁም።

ክቡር ሆይ፤ አዲስ ተማሪዎችን አብዛኛውን ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው የሚመድበው መሥሪያ ቤትዎ ስለ ሆነ፣ ዐይነ ሥውሩ ተማሪ ከግቢው በር ሳይደርስ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። እንግዲህ የስም ዝርዝሩ ሲተላለፍ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው ነገር አብሮ ተጽፎ ይተላለፍ፤ መምህራንም ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት የትምህርቱን ጽሑፍ ሳያትሙ፣ ኮምፒውተራቸው ውስጥ እንዳለ፣ ለልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍል እንዲያስረክቡ መመሪያ ይውጣ። በኮምፒውተር ያልተጻፉትን የቆዩ መጻሕፍት የሚተይቡና የሚያነብቡ ሰዎች በጀት ተመድቦላቸው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው ይሥሩ፤ ደመወዝ የሚቀበል አንባቢ ገጽ ቢዘል የሚጠየቅበት አለቃ አለውና፤ እኔን ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

የዐይናማውና የዐይነ ሥውሩ ተማሪ ወዳጅነት ይቅር ማለቴ አይደለም። አብረው ወደ ምግብ አዳራሽ ይሂዱ፣ ይከራከሩ፣ ይሳሳቁ፤ ከፈለጉም ጋዜጣ ይነባበቡ፤ ብቻ አንዱ በሌላው ፊት ሃንድአውት ይዞ እንዳይቆም ነው ልመናዬ።

መልስ ቢሰጡኝ፣ በማኅተም ተዘግቶ ፎቶግራፍ የተነሣ ወረቀት እንዳይሆን፣ የስክሪን አንባቢ ሊያሰማው የሚችል ጽሑፍ እንዲሆን በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህንንም ደብዳቤ በዚያው መልክ ጽፌ፣ ዛሬ በሌላ ከተማ ለሚኖረው ለዚያ ጓደኛዬ ልኬለታለሁ፤ አንድም መስመር ሳይዘለልበት፣ እኔም ሳላነብለት፣ ራሱ ይሰማዋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
የቀድሞ ተማሪ።