ከአትክልቱ ስፍራ፦ ውኃ የሚጎዳው አበባ



የትንሣኤን በዓል በኢየሩሳሌም ለማክበር በሚያዝያ የመጣችሁ ብዙዎች፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር የቆመውን ፈዛዛ ሰማያዊ አበባ አይታችሁ ስሙን ጠይቃችሁናል። አይሪስ ይባላል፤ ወደ ታች በታጠፉት ሦስት የአበባ ቅጠሎቹ ላይ ጢም የመሰለ ለስላሳ ጠጉር ስላለው “ባለ ጢም” ተብሎ ይለያል። የእኛው ዘር “ጄን ፊሊፕስ” የሚባለው ነው፤ ሮበርት ግሬቭስ የተባሉ አሜሪካዊ አዳቅለው በ1946 እ.ኤ.አ. ያስመዘገቡት ሲሆን፣ ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል።

ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ውበቱ ብቻ አይደለም፤ ጥፋታችንንም ለመናገር ነው። ባለፈው ሐምሌ የቅጠሉን ጫፍ ደርቆ ብናየው የተጠማ መሰለንና ጧትና ማታ አጠጣነው። በአገራችን ሐምሌ ምድር በዝናብ የሚረካበት ወር ነው፤ በኢየሩሳሌም ግን ጠብታ አይወርድም፤ አይሪስም በዚያ ድርቅ ያርፋል። እኛ ያን ዕረፍት ነሣነው። መስከረም ሲጠባ ከግማሽ የሚበልጠው ሥሩ በስብሶ ክፉ ሽታ አመጣ። የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ክፍል ድረስ ቆርጠን፣ የቀረውን በፀሐይ አድርቀን መልሰን ተከልነው። ዘንድሮ ያያችሁት ጥቂት አበባ ከዚያ የተረፈው ነው።

የአይሪስ ወፍራም ሥር ዝንጅብል ይመስላል፤ ስንቁን የሚያከማቸው በእርሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ እንደ ድንች አይቀበርም፤ ጀርባው ፀሐይ ሊሞቅ፣ ከሥሩ የሚወጡት ቀጫጭኖቹ ብቻ አፈር ሊለብሱ ይገባል። ፍግም አይከመርበትም። በየ3 ወይም 4 ዓመቱ፣ እርስ በርሱ ሲጨናነቅ፣ ይነቀላል፤ ያረጀው የመካከሉ ክፍል ይጣላል፤ የዳሮቹ በንጹሕ ቢላዋ ተለይተው፣ ቅጠላቸውም ወደ 15 ሴንቲ ሜትር አጥሮ፣ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይተከላሉ። አዲሱ ተክል ሥር እስኪይዝ ድረስ በልክ ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ የክረምቱ ዝናብ ይበቃዋል።

አሁን ልመናችን ይህ ነው። ከጠበል የተረፈው ውኃ በእግር እንዳይረገጥ ብላችሁ በአበባው ሥር የምታፈስሱ አላችሁ። አሳባችሁ መልካም ነው፤ ስፍራው ግን አይደለም። እባካችሁ ከበሩ በስተ ግራ ካለው የወይራ ዛፍ ሥር አፍስሱት፤ በዚያም ማንም አይረግጠውም።

በገዳሙ የምትኖሩ አባቶችና እናቶች ደግሞ፣ ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ሥሩን ከፍለን ስለምናድል፣ ከበዓታችሁ ደጅ ፀሐይ የማይታጣበት ቦታ ያላችሁ ንገሩን። ስትወስዱት ግን አደራ፦ በበጋ ደርቆ ብታዩት አትዘኑለት፤ ተዉት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።