ቍልፉ በማን እጅ ነው?

«ውኃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። እኛም በዚህ ግቢ ማታ ማታ በየመኝታ ክፍሉ የሚነሣውን አንድ ክርክር ከሥሩ ለመመርመር አስበን ይህን ጽሑፍ አቅርበናል። ክርክሩን የማያውቀው የለም። ካቶሊካዊው ተማሪ ጌታ ለጴጥሮስ የሰጠውን ቍልፍ ጠቅሶ፥ ቍልፉም እስከ ዛሬ በሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እጅ እንደሚገኝ አስረድቶ ይጀምራል። ፕሮቴስታንቱ ተማሪ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሱን ከትራሱ ሥር አውጥቶ ከዚህ ሌላ ዳኛ እንደሌለው ይናገራል። ከዚያ በኋላ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ሉተር ይሰደባል፤ ለፓፓውም አይቀርላቸውም። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወደ አልጋው ይሄዳል፤ ሐሳቡን የለወጠ ግን አንድም የለም።

ይህን የጻፍነው ከሁለቱም ወገን የሆንን ጓደኛሞች ነን። ከመካከላችን በጌጫ ተወልደው ያደጉ አሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሮማም ከጀርመንም ሳይሆን ከጌጫ ብንጀምረው ይሻላል ብለናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ጌጫ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ናት። ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በደንና በእንሰት መካከል ትገኛለች። እሑድ ጧት አንዱ ጐረቤት ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ኦርቶዶክስ ቅዳሴ፥ ሁለተኛው ወደ ካቶሊክ ቅዳሴ፥ ሦስተኛው መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወደ ወንጌላውያን ጉባኤ ይሄዳል። ሰው የሞተ እንደ ሆነ ዕድሩ የሟቹን ቤተ ክርስቲያን አይጠይቅም፤ ድንኳኑን ይተክላል፥ ቡናውን ያፈላል፥ ለቀስተኛውን ያስተናግዳል። የሥልጣን ጥያቄ የሚመጣው በሞት ሳይሆን በጋብቻ ነው።

ካቶሊካዊት ልጅና የመካነ ኢየሱስ ልጅ ተዋደው ሽማግሌ ተላከ እንበል። ልጅቱ ወደ አባ ስትሄድ የጳጳሱ ፈቃድ እንደሚያስፈልጋት ይነገራታል፤ በ1983 የወጣው የካቶሊክ ሕገ ቀኖና የሌላ ቤተ ክርስቲያን ጥሙቅ ለምታገባ ሴት ይህን ፈቃድ ይጠይቃልና። ልጆቿንም በካቶሊክ እምነት ለማሳደግ የሚቻላትን ሁሉ እንደምታደርግ ቃል መግባት አለባት። ልጁም ወደ ማኅበረ ምእመናኑ ሽማግሌዎች ሲሄድ፥ «ሙሽሪት መጀመሪያ ተምራ የኛ አባል ትሁን» ሊሉት ይችላሉ። ሁለቱም ወገኖች ሥልጣን አለን ይላሉ፤ ለሠርጉ የተቀመጠው ማር እስከዚያ ይጠብቃል። ሠርጉ ተፈጽሞም ቢሆን ባልና ሚስት እሑድ ከአንድ ቤት ወጥተው መንገድ ላይ ይለያያሉ፤ ወደ አንድ ቅዱስ ቍርባን አብረው አይቀርቡም። ባልየው ሕፃናትን ከማያጠምቁት ወንጌላውያን ወገን የሆነ እንደ ሆነማ ነገሩ ይብሳል፤ ሚስቲቱ በሕፃንነቷ የተቀበለችው ጥምቀት አይቈጠርላትም። እንግዲህ የሥልጣን ክርክር የመኝታ ክፍል ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የሰው ትዳር ያለበት ጕዳይ ነው።

ሁለቱ ሥልጣኖች ወደዚያ አገር እንዴት እንደ መጡ ማስታወስ ይገባል። ካፑቺኑ ጳጳስ አባ ማስያስ በ1846 ከሮማ ተሹመው ወደ ኢትዮጵያ ከተላኩ በኋላ በ1859 የሸካ ጐረቤት ወደ ሆነው ወደ ካፋ መንግሥት ገቡ፤ በ1861 ግን ተባረሩ። ጳጳስ ስለ ነበሩ የአገር ተወላጆችን ለክህነት የማብቃት ሥልጣን ነበራቸው፤ ይህንንም በሥራ አውለውታል። በ1913 ሮማ የካፋን ሐዋርያዊ አስተዳደር አቋቁማ ለኮንሶላታ ሚሲዮናውያን ሰጠች። በ1994 ደግሞ የጅማ ቦንጋ ሐዋርያዊ አስተዳደር ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው አስተዳዳሪ አባ ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል ሲሆኑ እኒሁ ሰው በ2015 ካርዲናል ሆነዋል። በ2009 አስተዳደሩ ወደ ቪካርያትነት ከፍ አለ። ቪካርያት ማለት ጳጳሱ የሚያስተዳድሩት በራሳቸው ስም ሳይሆን በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም ነው ማለት ነው። ስለዚህ የጌጫ ካቶሊክ «ቍልፉ በሮማ ነው» ሲል ምሳሌ መናገሩ አይደለም፤ የአስተዳደሩን ሕግ መናገሩ ነው።

የወንጌላውያኑ መንገድ ሌላ ነው። አሜሪካዊው የፕሬስቢቴሪያን ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ በ1919 ወደ ሳዮ ደምቢ ዶሎ መጡ፤ የሚሲዮኑ ሥራም ወደ ጎሬ ሰፋ። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ከአገር ወጡ። ማኅበሩ ግን አልተበተነም፤ ዓይነ ስውሩ ጊዳዳ ሶላንና ባልንጀሮቻቸው ይዘውት ቈዩ። ከዚያ የተነሣችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1974 ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። በቤቴል ልማድ ሥልጣን የሚገኘው ምእመናኑ በመረጧቸው ሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። ጳጳስ የለም፤ ሽማግሌ አለ።

ከነዚህ ሁለት ታሪኮች ሁለት ቍስሎች ቀርተዋል። የጣልያን መንግሥት ለካቶሊክ ሚሲዮን ያደላ ስለ ነበረ፥ አንዳንድ የወንጌላውያን አረጋዊ የሮማን ሥልጣን ሲሰማ ትዝ የሚለው የፋሺስት ሥልጣን ነው። አንዳንዱም ካቶሊክ የወንጌላዊውን ነጻነት ሲሰማ ትዝ የሚለው የውጭ ርዳታ ነው። ሁለቱም አይፈረድባቸውም፤ ነገር ግን ትዝታ ማስረጃን አይተካም። አባ ማስያስ ካፋ የገቡት ፋሺስት የሚባል ከመፈጠሩ ከስድሳ ዓመት በፊት ነበር። የደምቢ ዶሎ ሽማግሌዎችም ማኅበራቸውን የጠበቁት የውጭው ሰውና ገንዘቡ በሄዱበት ወራት ነበር።

ሥልጣን ከሩቅ መምጣቱ የሁለቱ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነም እናስተውል። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ጳጳስ ለብዙ መቶ ዓመታት ከእስክንድርያ ሲመጣ ኖሮ፥ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ፓትርያርክ የሆኑት በሰኔ 1959 ነው። መካነ ኢየሱስ ራሷን የቻለች ቤተ ክርስቲያን ሆና የቆመችው በዚያው ዓመት በጥር ነበር። የግእዝ ሥርዐት ካቶሊኮችም በ1961 በአዲስ አበባ የራሳቸውን ሊቀ ጳጳስ አገኙ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ለአንድ ጥያቄ በየበኩላቸው መልስ ሰጡ ማለት ነው። ጥያቄውም «ስለ ኢትዮጵያ ክርስቲያን የሚወስነው ማን ነው?» የሚል ነበር።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። ሁለቱም ወገኖች ስለ ሌላው የሚያወሩት አብዛኛው ትክክል አይደለም። ፕሮቴስታንቱ ጓደኛችን ፓፓው የተናገሩት ሁሉ ለካቶሊኮች እንደማይሳሳት ቃል የሚቈጠር ይመስለዋል። ይህ አይደለም። በ1870 በመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ የተወሰነው፥ ስለ እምነትና ስለ ምግባር ለመላው ቤተ ክርስቲያን በከፍተኛ ሥልጣናቸው በይፋ ሲደነግጉ አይሳሳቱም የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ሥልጣን በግልጽ የተሠራበት አንድ ጊዜ ብቻ፥ በ1950 ስለ እመቤታችን ፍልሰት በተደነገገ ጊዜ ነው። ከ1962 እስከ 1965 የተደረገው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም ጳጳሳት ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር በአንድነት የሥልጣን ተካፋይ መሆናቸውን አስተምሯል።

ካቶሊካዊው ጓደኛችንም ሉተር «እያንዳንዱ እንደ ወደደ ያንብብ» ብሎ ያስተማረ ይመስለዋል። ይህም አይደለም። ሉተር በ1521 በዎርምስ ሸንጎ ፊት ቆሞ የጠየቀው ስሕተቱን ከመጽሐፍና ከግልጽ ምክንያት እንዲያሳዩት ነበር። ተከታዮቹም በ1530 የአውግስቡርግን የእምነት መግለጫ አቅርበዋል። መካነ ኢየሱስም ሲኖዶሶችና ጠቅላላ ጉባኤ አላት፤ ሰባኪው ሁሉ እንደ ልቡ አይናገርባትም።

ከዚህ ላይ ብዙዎቻችን ያላሰብነው አንድ ነገር አለ። የሴቶችን ክህነት እንውሰድ። ፓፓ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በ1994 በጻፉት መልእክት፥ ቤተ ክርስቲያን ለሴቶች ክህነት ለመስጠት ሥልጣን የላትም ብለው ደነገጉ። በ1997 ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ጠቅላላ ጉባኤ የሴቶችን ክህነት ፈቀደ። ሥልጣን አበዛ ተብሎ የሚከሰሰው ወገን «ሥልጣን የለኝም» አለ፤ ከመጽሐፉ በቀር ዳኛ የለኝም የሚለው ወገን በጉባኤ ወሰነ። በ2013 መካነ ኢየሱስ በጋብቻ ትምህርት ምክንያት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካው ወንጌላዊ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት ስታቋርጥም፥ መጽሐፉን አንብቦ የፈረደው ያው ጉባኤ ነው። ስዊድኖቹም መጽሐፉን ያነብቡ ነበር። የትኛው ውሳኔ ትክክል እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ አንፈርድም። የምንለው ይህ ነው፤ ካቶሊኩም መጽሐፍ አለው፥ ፕሮቴስታንቱም ፈራጅ አለው። እውነተኛው ጥያቄ «መጽሐፍ ወይስ ጳጳስ?» የሚለው አይደለም። «ፈራጁ ሲሳሳት ማን ይጠይቀዋል? የጌጫው ምእመንስ ድምፁ ይሰማል ወይ?» የሚለው ነው።

በዚህ ጥያቄ ፊት ሁለቱም ወገኖች ባለዕዳ ናቸው። ካቶሊክ ወንድማችን የሐዋርያትን ቅብብል ሲቈጥርልን እናከብረዋለን። ነገር ግን አባ በአስተዳደር ቢበድሉት አቤት የሚለው ለማን እንደ ሆነ ስንጠይቀው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። በ2023 በሮም በተደረገው ሲኖዶስ ለመጀመሪያ ጊዜ ምእመናን፥ ሴቶችም ጭምር፥ ከጳጳሳት ጋር ድምፅ ሰጥተዋል። ይህ በሮም ከሆነ በየሰበካው ምን ይከለክለዋል?

ፕሮቴስታንት ወንድማችንም ሽማግሌዎቹን መርጦ መሾሙ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ዛሬ በየከተማው «እግዚአብሔር ተናገረኝ» እያለ ማይክሮፎን ይዞ የሚነሣውን፥ ለሽማግሌም ለሲኖዶስም የማይታዘዘውን፥ የገንዘቡን ሒሳብ ለማንም የማያሳየውን ሰው ማን ይገሥጸው? እንዲህ ያለው ሰው ሮማን እያወገዘ፥ ሮማ ለራሷ ያልጠየቀችውን ሥልጣን ለራሱ ይወስዳል። መጽሐፍ ብቻ ዳኛ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ሰው ከማንም በፊት ሊቃወሙት በተገባ ነበር።

«ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ሁላችንም ክርስቲያን ነን፤ ልዩነቱን ትተን እንዋደድ» የሚሉን ጓደኞች አሉ። አሳባቸው መልካም ነው። ነገር ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ካቶሊኮችና ሉተራውያን በ1999 በአውግስቡርግ ስለ ጽድቅ በጋራ መግለጫ ተፈራርመዋል፤ በሉተር ጊዜ ከባዱ ጠብ የተነሣበት ነጥብ በብዙው ተቃለለ ማለት ነው። የሥልጣን ነገር ግን እስከ ዛሬ አላለቀም፤ የቅዱስ ቍርባኑም ማዕድ እስከ ዛሬ ሁለት ነው። ሊቃውንቱ በብዙ ድካም ያልጨረሱትን እኛ በመተቃቀፍ ጨርሰናል ብንል ራሳችንን እናታልላለን፤ ያችን የጌጫ ሙሽራም አንረዳትም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ የተማሪዎች ማኅበር አንድ ማታ አዳራሹን ይፍቀድልን። ካቶሊኩ የፕሮቴስታንቱን እምነት፥ ፕሮቴስታንቱም የካቶሊኩን እምነት ያስረዳ፤ ባለቤቱ «አዎን፥ የኛ ይህ ነው» እስኪል ድረስ መቃወም አይፈቀድ። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ወገን በሌላው ላይ የሚያነሣውን ጥያቄ መጀመሪያ ለራሱ ያንሣ። ካቶሊኩ «ጳጳሳችንን ማን ይጠይቃል?» ይበል፤ ፕሮቴስታንቱም «ሁለታችን አንዱን ጥቅስ ለየብቻ ብናነብ ማን ያስታርቀናል?» ይበል። ሦስተኛ፥ ለዕረፍት ወደ ጌጫ፥ ወደ ማሻ፥ ወደ ቴፒና ወደ ሚዛን የምንሄድ ተማሪዎች አባንና ሽማግሌዎቹን በአክብሮት እንለምናቸው። ሁለት ቤተ ክርስቲያን ያላቸው ሙሽሮች ሲመጡ ለየብቻ ትእዛዝ ከመስጠት በፊት አብረው ተቀምጠው ያነጋግሯቸው። ይህን ለማድረግ ከሮማም ፈቃድ አያስፈልግም፥ ከጠቅላላ ጉባኤም ውሳኔ አያሻም። በለቅሶ ቤት አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የሚያስተዛዝኑ ሰዎች ለሠርግ አብረው ቢቀመጡ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም።

ክርክሩ ይቁም አላልንም። ይቀጥል፤ ነገር ግን ለማሸነፍ ሳይሆን ለመመለስ ይሁን። ነገ በየሰበካው ሽማግሌ፥ በየሸንጎው ጸሐፊ፥ ከመካከላችንም ካህንና ቄስ የምንሆነው እኛው ነን፤ ያን ጊዜ ቍልፉ በእጃችን ይገባል። በዛሬው ክርክራችን ለመጠየቅ ያልለመድን ሰዎች ነገ በሥልጣናችን ስንጠየቅ መቈጣታችን አይቀርም።

የጻፍነው ያላስደሰተው ቢኖር ብዕሩን ያንሣ። እኛም እንደ ሌላው ሁሉ ተጠያቂዎች ነን።