መልካሙንም ቡቃያ መንቀል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ ባለው ቤታችን ጓሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሮት ዘራሁ። ዘሩን ያለ ልክ በተንሁት፤ በረከተና በቀለ። አረሙን ያለ ርኅራኄ ነቀልሁ። እናቴ «ቡቃያውንም ንቀልለት እንጂ፣ ይሳሳ» ብትለኝ ግን ለምለሙን መንቀል አሳዘነኝና ተውሁት። በመስከረም ስነቅለው ካሮቱ ከእርሳስ የቀጠነ፣ እርስ በርሱ የተጠማዘዘ ሆኖ አገኘሁት።

እኛስ ከዚህ ጓሮ በምን እንለያለን? ኃጢአት አረም መሆኑን እናውቃለን፤ ልንነቅለውም እንታገላለን። ነገር ግን ትምህርቱን፣ መዝሙሩን፣ ጉባኤውን፣ ማኅበሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስንይዝ ጸሎታችን ሥር የሚሰድበት ቦታ ያጣል። እኔ ራሴ ከአንዱ አገልግሎት ወደ ሌላው ስሮጥ የዘወትር ጸሎቴን ያስታጎልሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

አባታችን ቅዱስ እንጦንስ በበረሃ የቆፈራት መሬት ጥቂት ነበረች፤ ሆኖም ከእርሷ ራሱን መግቧል፤ ለሚጎበኙትም አትክልት አብቅሏል።

ከአገልግሎት እንሽሽ ማለቴ አይደለም። የንስሐ አባታችንን አማክረን የምንችለውን እንያዝ፤ የያዝነውም ሥር ይስደድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።