ሳቁ በማን ላይ ይሁን?

ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ



እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ጁኖ» የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም የአንዲትን የ16 ዓመት ተማሪ እርግዝና ይዞ ያስቃል። ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ200 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል፤ ጸሐፊዋ ዲያብሎ ኮዲም በ2008 ኦስካር ተሸልማበታለች። ወጣቱ የወደደው ግን እርግዝናውን አይመስለኝም። መጀመሪያ አካባቢ ልጅቷ ሱቅ ውስጥ ትመረመራለች፤ ውጤቱን ስታይ ምልክቱ የሚጠፋላት ይመስል መመርመሪያውን ታራግፈዋለች፤ ሻጩ ይቀልድባታል። ቀልዱ ይጎረብጣል፤ እሷ ግን መልስ አታጣም። አባቷም ሲሰማ ክው ይላል እንጂ ከቤት አያባርራትም። ተመልካቹን የያዘው ይኸው ነው፤ አፍ ያላት ልጅና የሚሰማት ቤት።

አሁን ደግሞ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ አንድ መድኃኒት ቤት አስቡ። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ሌላው ገዢ እስኪወጣ ጥግ ይዛ ትቆማለች። ተራዋ ሲደርስ የምትፈልገውን በስሙ አትጠራውም፤ በጣቷ ታሳያለች። ባለ መድኃኒት ቤቱ የአክስቷ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ከተማው እንደሆነ ሰፈር ለሰፈር የሚተዋወቅ ነው። ለእኔ ኮሜዲው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ልጅቷ ላይ ሳይሆን ሁሉን እያወቀ ምንም እንደማያውቅ የሚሆነው ትልቅ ሰው ላይ። ስለዚህ ቢሮው በሀዲይሳና በከምባትሳ ቋንቋዎች ስለ ታዳጊዎች እርግዝና የሚያስቅ ፊልም እንዲሠራ እንዲያግዝ እጠይቃለሁ።

«ከተሳቀበት ተለመደ ማለት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። በ2008 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ግሎስተር በምትባል ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት በርከት ያሉ ተማሪዎች ሲያረግዙ ጣት ከተቀሰረባቸው አንዱ «ጁኖ» ነበር። ልጆቹ ተማምለው ነው ያረገዙት ተባለ፤ የከተማዋ ከንቲባ ግን ለዚህ ማረጋገጫ የለም አሉ። ፊልሙ አደረገው የሚያሰኝ ማስረጃም አልተገኘም። በሌላ በኩል ከ2009 ጀምሮ በአሜሪካው ኤምቲቪ ቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረውን የታዳጊ እናቶች እውነተኛ ሕይወት የሚያሳይ ፕሮግራም ሁለት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች፣ ኪርኒና ሌቪን፣ አጥንተው በ18 ወራት ውስጥ የታዳጊዎችን ወሊድ በ4.3 በመቶ ቀንሷል ብለው በ2015 አሳተሙ። ስሌታቸውን አጥብቀው የተቹ ሌሎች ተመራማሪዎች ስላሉ ቁጥሩን እንደ ወንጌል አልይዘውም። ሆኖም ያ ፕሮግራም ያሳየው የሌሊት ለቅሶን፣ የገንዘብ ችግርንና ጥሎ የሚሄድ ወንድን ነበር። የ«ጁኖ» ባለታሪክ ግን ሕፃኑን ለአሳዳጊ ሰጥታ ጊታሯን ይዛ ትመለሳለች። የእኛ ፊልም ከአንደኛው ሳቁን፣ ከሌላው ሂሳቡን ቢወስድ ነው የሚበጀው።

ይልቅ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች 13 በመቶው ወልደዋል ወይም አርግዘዋል፤ በአዲስ አበባ 3፣ በአፋር 23 በመቶ። አብዛኛው የጓደኝነት ታሪክ አይደለም፤ ያለዕድሜ ጋብቻ አለበት፣ ጠለፋና መደፈርም አለበት። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ይላል፤ የወንጀል ሕጉም ይቀጣል። በተደፈረች ልጅ የሚስቅ ፊልም ይቅርብን። ነገሩን በሽምግልና ሸፍኖ ለመጨረስ ጋቢውን አስተካክሎ የሚቀመጠው፣ ስለ ልጅቷ ሲመክር ልጅቷን ያልጠየቀው ሰውዬ ግን ለምን አይሳቅበትም? እሱን በስብከት ማንም አልነካውም።

ባህላችን አይፈቅድም ለሚሉም መልሱ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በቦጋለች ገብሬ የተመሠረተው ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለው ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትን የተዋጋው በየመንደሩ ሰው አስቀምጦ በማወያየት ነበር። በ2002 ደግሞ በከምባታ አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን፣ ሙሽራውም ያልተገረዘች በማግባቱ መደሰቱን የሚናገር ጽሑፍ በአንገታቸው አንጠልጥለው በሕዝብ ፊት ተሞሸሩ። በጓዳ እንኳ የማይነሳ ጉዳይ በሠርግ፣ በዘፈንና በእልልታ አደባባይ ወጣ። የአብያተ ክርስቲያናት ወጣቶችም በየበዓሉ ድራማ ይሠራሉ፤ ተዋናይ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያሻም።

ቢሮው ለፊልሙ የጽሑፍ ውድድር ቢያወጣ የምጠይቀው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው። የመጨረሻዎቹ ድርሰቶች ለዳኞች ከመቅረባቸው በፊት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች፣ አስተማሪ በሌለበት ክፍል፣ ጮክ ብለው ያንብቧቸው። የት ላይ እንደሳቁና የት ላይ ዝም እንዳሉ በኅዳጉ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ምልክቱ ያለበት ቅጂም ለዳኞቹ ይድረስ።