ዕቃ የምትቆረጥም ጥንቸል

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከማይበሉት እንስሳት ስለሚቈጥራት ሥጋዋን አንበላም፤ ልጆቻችን ግን አልምደው ያሳድጓታል። እንግዲህ ይህች የዋህ እንስሳ የወንበሩን እግር ስትቆረጥም፥ የምንጣፉን ጠርዝ ስትበጣጥስ ብናይ ተንኰል አይምሰለን። የፊት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ፤ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማሉና በማኘክ ካልተፋቁ ምግብ እስከ መከልከል ያደርሷታል።

ስለዚህ መምታት ከንቱ ነው እንላለን፤ ከፍርሃት በቀር የሚያስተምራት ነገር የለም። ይልቁንስ ድርቆሽ ቀንም ሌሊትም ከፊቷ አይታጣ። ካሮት፥ ልጆች እንደሚያስቡት፥ ዋና ምግቧ አይደለም፤ ጣፋጭነቱ ስለሚበዛ ጥቂት ይበቃታል። ቀለም ያልነካው የፖም ዛፍ ቅርንጫፍ ብንጨምርላት እርሱን እየላጠች ወንበራችንን ትተዋለች፤ የኮክ ዛፍ እርጥብ ቅርንጫፍ ግን መርዝነት ስላለው አይሰጣት።

ከሁሉ የሚያስፈራን የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ጥንቸሊቱን በቅጽበት ሊገድላት ይችላል፤ የተላጠውም ሽቦ ለሕፃናት አደጋ፥ ለቤትም የእሳት ምክንያት ነው። ገመዱን ከፍ አድርጎ ማሰር ወይም በጠንካራ ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ የአባወራው ፋንታ ይሁን። ዳዊቱም ከበርጩማው ላይ ይነሣ፤ ወረቀትና ብራና ለእርስዋ አንድ ናቸው። ሰው በማይኖርበት ሰዓት በሰፊ ቤቷ ውስጥ ትቆይ። በድንገት መብላት ያቆመች እንደ ሆነ ግን ለነገ ሳይባል ለእንስሳት ሐኪም ትታይ።