«ይባክናል» የተባለው አተላ ባለቤት አለው

የምግብና የመጠጥ ፋብሪካዎችን ተረፈ ምርት የማኅበረሰብ ገቢ ምንጭ ስለማድረግ በሚመከርባቸው መድረኮች አንድ አባባል ሳይመረመር ይደጋገማል፤ ይኸውም ተረፈ ምርቱ እስካሁን ያለ ጥቅም ሲባክን ስለኖረ ዑደታዊ ኢኮኖሚ፣ ማለትም የአንዱን ሥራ ትራፊ ለሌላው ጥሬ ዕቃ የሚያደርግ አሠራር፣ አዲስ ገቢ ይፈጥራል የሚል ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ስላልሆነ ሁለተኛው ሊቆም አይችልም።

በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላም የሚያረቡ ሰዎች የቢራ አተላን፣ ይኸውም ጣፋጩ ፈሳሽ ከተጣራ በኋላ የሚቀረውን ብቅል፣ የሚያገኙት በገንዘባቸው ገዝተው ነው። ከ100 ሊትር ቢራ ወደ 20 ኪሎ ግራም እርጥብ አተላ ይወጣል፤ ከደረቅ ክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን በመሆኑ ለወተት ላም ተፈላጊ ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላሻል፣ በዚህም ምክንያት ዋና ተጠቃሚው ለፋብሪካው ቅርብ የሆነው አርቢ ነው። የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፉርሽካም ዋጋ ተቆርጦላቸው ገበያ ላይ ይሸጣሉ፤ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ደግሞ ኢታኖል ሆኖ በ2008 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ጀምሮ ነበር። ታዲያ ፋብሪካው አተላውን አድርቆ ለሚያቀነባብር አንድ ድርጅት ቢሰጥና ድርጅቱ ሥራ ቢፈጥር፣ ሪፖርቱ የሚመዘግበው አዲሱን ገቢ ብቻ ነው፤ መኖ የተወደደበት አርቢ ያጣው ገቢ በየትኛውም ሰንጠረዥ አይገባም። እንዲህ ያለው ገቢ ከአንዱ ተወስዶ ለሌላው የተሰጠ እንጂ የተፈጠረ አይደለም።

በእርግጥ የሚባክን ተረፈ ምርት አለ። በጅማና በሲዳማ የእርጥብ ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ከቀይ እሸቱ ክብደት 40 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ልጣጭ በመከር ወራት ያከማቻሉ፣ ፍሳሹም ወንዝ ይበክላል። ልጣጩ ኮምፖስት ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካዩ እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲሸፍን ያስገድዳል። የተደራጁ ወጣቶች ልጣጩን በራሳቸው ወጪ አንሥተው ሲያጓጉዙ፣ የጣቢያው ባለቤት ግዴታ በገቢ ስም ወደ እነርሱ እየተላለፈ ነው። ለማንሻው ጣቢያው ይክፈል ቢባል ኮምፖስቱ ሊያዋጣ ይችል ይሆናል፤ ይህን ክፍያ የሚያስከፍል አካል በየወረዳው መኖሩ ግን ያጠራጥራል።